መምህሩ ለምን ዝም ይበል? «ተማሪው ራሱ ይድረስበት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን መምህራንና ወላጆች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ አጭርና ማራኪ ነው፦ መምህር ማስረዳቱን ይተው፣ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ይድረስበት። ጸሐፊው ለልጆች እንደሚቆረቆሩ ከየአንቀጹ ይታያል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ ፈተና ላይ አራግፎ በማግሥቱ የሚረሳ ተማሪ እሳቸውን እንደሚያንገበግባቸው ሁሉ እኔንም ያንገበግበኛል። በችግሩ አንለያይም። ያቀረቡት መፍትሔ ግን ሊረዱት የፈለጉትን ተማሪ ይበልጥ የሚጎዳ ስለሆነ አንድ በአንድ መልስ ልሰጥበት ወደድኩ።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ሰው በራሱ ጥረት የደረሰበትን አይረሳም፣ የተነገረውን ግን ይረሳል ይላሉ። ለዚህም ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20 በመቶ፣ ራሳችን ከሠራነው ግን 90 በመቶው በአእምሯችን ይቀራል የሚል አኃዝ ይጠቅሳሉ። ሕፃን አፉን የሚፈታው ያለ አስተማሪ ነውና ትምህርት ቤትም ተፈጥሮን ይከተል ይላሉ። ሳይንቲስት የሚሠራው በምርምር ስለሆነ ልጆችም ሳይንስን በምርምር ይማሩት፤ ሶቅራጥስም ቢሆን ይጠይቅ እንጂ አያስረዳም ነበር ባይ ናቸው። ፊት ቆሞ ማስረዳት የልጅን ጉጉት ይገድላል፤ መረጃ በስልክ በሚገኝበት ዘመን ደግሞ ማስተማር ያለብን ማሰብን እንጂ እውቀትን አይደለም። በመጨረሻም ይህ የግኝት ዘዴ የሚባለው አካሄድ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ወደኋላ የቀሩትን ተማሪዎች ነው ብለው ይደመድማሉ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ቀጥተኛ ማስተማር የሰጡት ሥዕል መታረም አለበት። በጽሑፋቸው ውስጥ ቀጥተኛ ማስተማር ማለት መምህሩ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ የሚያወራበት፣ ተማሪው ደግሞ ማስታወሻ የሚገለብጥበት ነው። ይህን የሚደግፍ ሰው አላውቅም። ቀጥተኛ ማስተማር አዲሱን ነገር በትንንሹ ከፍሎ ማስረዳት፣ አንድ ጥያቄ ከነአሠራሩ ሠርቶ ማሳየት፣ ወዲያው መላውን ክፍል መጠየቅ፣ አብሮ መሥራት፣ ስህተትን እዚያው ማረም፣ ከዚያም ተማሪውን ለብቻው ማሠራት ነው። ባራክ ሮዘንሻይን እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የውጤታማ መምህራንን አሠራር ሰብስቦ ባሳተመው ጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው መምህሩ ብዙ ማውራቱ ሳይሆን ብዙ መጠየቁና የሁሉንም ተማሪ መልስ መከታተሉ ነው።

የግኝት ዘዴም አንድ ዓይነት አይደለም። ለተማሪው ዕቃውንና ጥያቄውን ሰጥቶ ዘወር ማለት አንድ ነገር ነው። ፍለጋውን አስቀድሞ አቅዶ፣ ፍንጭ እየሰጡ፣ ሲስት እየመለሱ፣ በመጨረሻም የተገኘውን አጠናቅሮ ማስረዳት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው የሚሟገቱት ለመጀመሪያው ነው፤ ማስረጃ የሚያመጡት ግን ከሁለተኛው ነው።

አሁን «ራሱ የደረሰበትን አይረሳም» ወደሚለው ልምጣ፤ የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ስለሆነ ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው። ይህን አባባል በቀጥታ የፈተኑ ተመራማሪዎች አሉ። ዴቪድ ክላር እና ሚሌና ኒጋም በ2004 ባሳተሙት ጥናት 112 የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆችን ኳስ በሚንከባለልበት ዘንበል ያለ ጣውላ አሠሩ። የጣውላው ከፍታ ይቀየራል፣ ገጹ ሻካራ ወይም ለስላሳ ይሆናል፣ ኳሱ የሚነሣበት ቦታና የኳሱ ዓይነትም ይለያያል። ጥያቄው ኳሱን ራቅ አድርጎ የሚያስኬደው የትኛው ነው የሚል ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። አንደኛውን ጣውላ ከፍ አድርጎ ለስላሳውን ገጽ ያዞራል፤ ሁለተኛውን ዝቅ አድርጎ ሻካራውን ያዞራል። ኳሶቹን ይለቃል። የአንደኛው ይርቃል። ልጁም «ከፍታው ነው!» ብሎ ይደመድማል። ከፍታው ይሁን ልስላሴው ግን ሙከራው ሊነግረው አይችልም። አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፤ ኳሱ ደግሞ መራቁን እንጂ ሙከራው መበላሸቱን አይነግረውም።

ከልጆቹ ግማሾቹ ጥሩና መጥፎ ሙከራ ጎን ለጎን ቀርቦላቸው ልዩነቱ ተብራራላቸው። ግማሾቹ በዚያው ዕቃ ያለ ምንም ማብራሪያ ራሳቸው ሠሩ። ገለጻ ካገኙት 77 በመቶዎቹ ሙከራን በትክክል ማዋቀር ሲችሉ፣ በራሳቸው ከሠሩት የቻሉት 23 በመቶዎቹ ናቸው። ለጸሐፊው ክርክር ከዚህ የሚከብደው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ከቀናት በኋላ ልጆቹ ሌሎች ተማሪዎች የሠሩትን የሳይንስ ፕሮጀክት እንዲመዝኑና ጉድለቱን እንዲያወጡ ተደረገ። ችሎታውን በገለጻ ያገኙትም ሆኑ በራሳቸው የደረሱበት ጥቂቶች እኩል ሠሩ። በራስ መድረስ የተለየ ጥልቀት አላስገኘም። ልዩነቱ የደረሱት ልጆች ቁጥር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ዴቪድ ዲን እና ዲያና ኩን በ2007 ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ልጆችን ለሳምንታት ሲከታተሉ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ገለጻ ብቻውን ጸንቶ እንደማይቆይ፣ ደጋግመው የሠሩ ልጆችም በጊዜ ብዛት ሊደርሱበት እንደሚችሉ አሳይተዋል። እውነት ነው፤ ያለ ተደጋጋሚ ሥራ ገለጻ ይተናል። ይህ ግን ከገለጻ በኋላ ልምምድ ይብዛ የሚል መደምደሚያ ነው የሚሰጠን፤ ገለጻው ይቅር የሚል አይደለም። ሉዊስ አልፊየሪ እና ባልደረቦቹ በ2011 በ164 ጥናቶች ላይ ያደረጉት ጥቅል ትንተናም እዚያው ያደርሰናል፦ ያለ ድጋፍ የተተወ ግኝት ከገለጻ ያንሳል፤ ፍንጭ፣ እርማትና የተሠራ ምሳሌ የታከለበት ግኝት ግን ጥሩ ውጤት ያመጣል።

ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ጉዳይም አለ። ልጅ ራሱ የሚደርስበት ሁሉ እውነት አይደለም። 1/2 እና 1/3ን እንዲደምር የተሰጠ ልጅ ማንም ሳይነግረው የሚያገኘው መንገድ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/5 ማለት ነው። የማያወላውል፣ ለመሥራት ቀላል፣ የራሱ የሆነ ግኝት። በራስ የተደረሰበት ነገር በእርግጥ የማይረሳ ከሆነ ይህ ሊያስፈራን ይገባል። መምህሩ ደርሶ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ሲጠይቀው ነው ልጁ ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ነገር እንዳገኘ የሚያየው። ያን ጥያቄ በዚያች ሰዓት ለመጠየቅ መምህሩ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት፣ ከልጁ አጠገብም መሆን አለበት። ቀጥሎም 1/2 ለምን 3/6፣ 1/3 ለምን 2/6 ተብሎ እንደሚጻፍ ሊያስረዳው ይገባል።

የመቶኛዎቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ረጅም መልስ አይገባቸውም። 10፣ 20፣ 90 የሚለው አኃዝ ብዙ ጊዜ ኤድጋር ዴል በ1946 ከሠራው የልምድ ሾጣጣ (የመማሪያ መንገዶችን በደረጃ ከሚያሳይ ሥዕል) ጋር ተያይዞ ይቀርባል። የዴል ሾጣጣ ግን አንድም መቶኛ አልነበረበትም፤ ቁጥሮቹ በኋላ በሌሎች የተለጠፉ ናቸው። በሰው ትውስታ ላይ የተደረገ ልኬት እንዲህ በአሥር የሚካፈል የተጠጋጋ ቁጥር እየደረደረ አይመጣም። መሥራት ይጠቅማል ለማለት ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች አያስፈልጉም። ሮዲገር እና ካርፒኪ በ2006 እንዳሳዩት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታውሳሉ። ቀጥተኛ ማስተማርም ተማሪውን ደጋግሞ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።

ሕፃናት አፋቸውን ያለ መምህር ይፈታሉ የሚለው ከሁሉም የበለጠ አሳማኝ የሚመስለው ነጥብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ጊሪ ግን ወሳኝ ልዩነት ያስቀምጣል። መናገር፣ ፊት መለየት፣ መራመድ የሰው ልጅ ለእጅግ ረጅም ዘመን ሲኖርባቸው የቆዩ፣ አእምሮው የተሰናዳላቸው ችሎታዎች ናቸው። ጽሕፈት ግን የ5000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የሰው ፈጠራ ነው፤ የክፍልፋይ ስሌትም፣ አልጀብራም፣ የኬሚስትሪ ቀመርም እንዲሁ። ሰዎች እየተነጋገሩ ከሚኖሩበት ቤት ያደገ ጤናማ ልጅ መናገር ይማራል። መጻሕፍት በሞሉበት ቤት ያደገ ልጅ ግን የሚያሳየው ሰው ከሌለ ማንበብ አይማርም።

ፊደላችንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። «በ» የሚለው ቅርጽ ያንን ድምፅ እንዲይዝ የሚያስገድደው ምንም ነገር የለም። ስምምነት ነው፤ ስምምነት ደግሞ ይነገራል እንጂ ተመራምረው አይደርሱበትም። ልጁ ግን ለ ሉ፣ በ ቡ፣ መ ሙ ከተነገረው በኋላ «ተ»ን አሳይተው «ሁለተኛው ምን ሊመስል ይችላል?» ቢሉት ቀኝ ጎኑ ላይ ሰረዝ ሊጨምር ይችላል፤ ትክክልም ነው። እዚህ ላይ ግኝት አለ፣ ደስታውም ይታያል። «ረ» እና «ፈ» ላይ ሲደርስ ግን ያው ደንብ አይሠራለትም፤ «ሩ» እና «ፉ»ን ማየት አለበት። የተነገረው ለግኝቱ መነሻ ሆነ፤ ግኝቱም ባለቀበት እንደገና መነገር አስፈለገ። በጸሐፊው አቀራረብ እነዚህ ሁለቱ ጠላቶች ናቸው። በዚህ ምሳሌ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይራመድም።

ሳይንቲስት በምርምር ስለሚሠራ ተማሪም በምርምር ይማር የሚለው አባባል መሥራትንና መማርን አንድ አድርጎ ያያል። ሳይንቲስቱ የሚመራመረው ለዓመታት ሌሎች ያገኙትን ከተማረ በኋላ ነው። ዊሊያም ቼስ እና ኸርበርት ሳይመን በ1973 የቼዝ ጨዋታ ሊቃውንትን ፈትነው ያገኙት ይህን ያስረዳል። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለጥቂት ሰከንዶች ታይቶ ሲሸፈን ሊቁ ከጀማሪው እጅግ የበለጠ ጠጠር በቦታው ይመልሳል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲቀመጡ ግን ብልጫው ይጠፋል ማለት ይቻላል። ሊቁ የተለየ የማስታወስ ተሰጥዖ የለውም፤ ያለው የተከማቸ እውቀት ነው።

ጀማሪው ያ ክምችት የለውም። አእምሯችን አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያሰላስልበት ቦታ፣ ተመራማሪዎች የሥራ ትውስታ የሚሉት፣ ጠባብ ነው፤ ኔልሰን ኮዋን በ2001 ወደ አራት ነገሮች ገደማ ገምቶታል። መንገዱን ሳያውቅ እንዲፈልግ የተተወ ተማሪ ይህን ጠባብ ቦታ በፍለጋው ይሞላዋልና ለመማር የሚተርፈው ትንሽ ነው። ጆን ስዌለር እና ግራሃም ኩፐር በ1985 የአልጀብራ ተማሪዎችን ሲያወዳድሩ ከነአሠራሩ የቀረበ ምሳሌ ያጠኑት ሁሉንም ራሳቸው ከታገሉት ይልቅ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአጭር ጊዜና በትንሽ ስህተት ሠርተዋል።

በዚሁ ዘርፍ የተገኘ ሌላ ውጤት ደግሞ ለጸሐፊው ይደግፋል፤ ልደብቀው አልፈልግም። ስላቫ ካልዩጋ እና ባልደረቦቹ በ2003 እንደጻፉት ተማሪው እየበሰለ ሲሄድ ያው ጀማሪውን የረዳው ዝርዝር ማብራሪያ ሸክም ይሆንበታል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ችግሩን ሰጥቶ መልቀቅ ትክክል ነው። መሠረቱን የጨረሰ ክፍል ውስጥ ገብቶ ያንኑ ማብራሪያ የሚደጋግም መምህር ጊዜ ያባክናል፤ ጸሐፊው እንዲህ ያሉትን መምህራን ቢተቹ አብሬያቸው እቆማለሁ። የግኝት ትምህርት አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ጀሮም ብሩነር ራሱ በ1961 ጽሑፉ ግኝት የሚቀናው ለተዘጋጀ አእምሮ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። አእምሮን ማን ያዘጋጃል የሚለውን ጥያቄ ነው ጽሑፉ የዘለለው።

ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይድረስበት የምንለው ነገር ለሰው ልጅ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀም እናስታውስ። ከዜሮ በታች ቁጥር አለ የሚለውን ሐሳብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ የማይቀበሉ የሒሳብ ሰዎች ነበሩ።

ስለ ሶቅራጥስ ያነሡትም ሲመረመር ወደ ሌላ ያመራል። በጥንቱ ታሪክ ሶቅራጥስ አንድ ያልተማረ አገልጋይ ልጅ ጠርቶ ጎኑ 2 የሆነ አራት ማዕዘን ይሥልለታል። ስፋቱ እጥፍ እንዲሆን ጎኑ ስንት ይሁን ይለዋል። ልጁ 4 ይላል፤ ስፋቱ 16 ይሆናል፣ ከሚፈለገው 8 በጣም አለፈ። ከዚያ 3 ይላል፤ 9 ሆነ። ከዚህ በኋላ ልጁ አላውቅም ብሎ ይቆማል። ያኔ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚያልፈውን መስመር ያመጣው ሶቅራጥስ ነው። ቀሪዎቹ ጥያቄዎችም ልጁ አዎ ወይም አይደለም እያለ የሚከተላቸው ናቸው። ይህ በጥያቄ መልክ የተሰጠ፣ እጅግ በጥንቃቄ የተመራ ማስተማር ነው፤ ያውም አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ።

ማስረዳት ጉጉትን ይገድላል ለሚለው፦ አሰልቺ ገለጻ ይገድላል፤ በዚህ እስማማለሁ። ስኮት ፍሪማን እና ባልደረቦቹ በ2014 የዩኒቨርሲቲ ሳይንስና ሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን ሲያጠቃልሉ በገለጻ ብቻ የሚማሩ ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው አሳታፊ በሆነ መንገድ ከሚማሩት 1.5 እጥፍ እንደሆነ አግኝተዋል። ጸሐፊው ይህን ዓይነት ውጤት ለግኝት ዘዴ ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። አሳታፊ ማለት ግን ያለ ማብራሪያ ማለት አይደለም። ከተማሩት ላይ ጥያቄ መሥራት፣ ከጎረቤት ጋር መወያየት፣ መልስ ሰጥቶ መታረም ሁሉ አሳታፊ ነው። ማኑ ካፑር ያጠናው መንገድም አለ፦ ተማሪዎች መጀመሪያ ከሚከብዳቸው ችግር ጋር ይታገላሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ከዚያ መምህሩ የእነሱን ሙከራ መነሻ አድርጎ ያስረዳል። በተለይ ሐሳቡን በመረዳት ረገድ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ እኔም ክፍል ውስጥ መግባቱን እደግፋለሁ። ልብ እንበል ግን፣ ትግሉ የሚያበቃው በማብራሪያ ነው። ማብራሪያውን ቆርጦ ትግሉን ብቻ ማስቀረት ሌላ ነገር ነው።

ስለ በራስ መተማመንም ካነሣን በአሜሪካ በ1968 የተጀመረው ፎሎው ስሩ የተባለው ሰፊ ፕሮጀክት ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን በተለያዩ ዘዴዎች አስተምሮ አወዳድሯል። በ1977 በወጣው ግምገማ ቀጥተኛ ማስተማር የተከተሉት ልጆች በመሠረታዊ ችሎታ ብቻ ሳይሆን ለራሳቸው በሚሰጡት ግምትም ከፊተኞቹ ነበሩ። ግምገማው ብዙ አከራክሯል፤ ያው ዘዴ ከቦታ ቦታ የተለያየ ውጤት ማምጣቱን ተቺዎች በትክክል ጠቁመዋል። ቢያንስ ግን ግልጽ ማስተማር የልጅን መንፈስ ይሰብራል የሚለውን አልደገፈም። ለእኔ ምክንያቱ አይደንቀኝም። ልጅ ጉጉቱን የሚያጣው ሲነገረው ሳይሆን ሳይገባው ሲቀር ነው።

ስልክ አለና እውቀት ይቅር ለሚለው ብዙ አልልም። ሬክት እና ሌዝሊ በ1988 ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ጽሑፍ ለተማሪዎች አስነበቡ። ጨዋታውን የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች ጨዋታውን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ተረዱት። ማሰብ ከሚታሰበው ነገር ተነጥሎ የሚቆም ክህሎት አይደለም። ስልኩ የሚጠቅመው ምን ብሎ እንደሚጠይቅና ያገኘውን በምን እንደሚመዝን ለሚያውቅ ሰው ነው።

የቀረው ወደኋላ ለቀሩ ተማሪዎች የሚበጀው ግኝት ነው የሚለው ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። በግኝት ዘዴ የሚሠራ የአራት ተማሪዎች ቡድን እናስብ። ክፍልፋይ እንዴት እንደሚደመር እንዲደርሱበት ተሰጥቷቸዋል። አንዷ ልጅ ትናንት ማታ ቤቷ አባቷ አሳይቷታል ወይም አስጠኚ አላት። በአምስት ደቂቃ «ትደርስበታለች»። ሁለቱ ከእሷ ይገለብጣሉ። አራተኛው ቁጥሮቹን ያያል፣ ማስመሪያውን ያገላብጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ የቡድኑ መልስ እሱም ደብተር ላይ አለ። ከሩቅ ለሚያይ ክፍሉ ሕያው ነው፤ ሁሉም ሲሠራ ነበር።

በዚህ ክፍል ውስጥ ማብራሪያ አልቀረም። ሠልጥኖ ከመጣው መምህር ተወስዶ ለአባት፣ ለአስጠኚና ለእኩያ ልጅ ተሰጠ እንጂ። አባት ወይም አስጠኚ ያለው ተማሪ መምህሩ ዝም ቢልም ይማራል። የሌለው ግን ትምህርት ቤት የመጣው ሌላ ቦታ የማያገኘውን ማብራሪያ ሊያገኝ ነበር። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን አንድ ጥያቄ ቢመልሱልን ደስ ይለኛል፦ ያ አራተኛ ልጅ፣ ቤቱ የሚያስረዳው የለም፣ መምህሩም እንዳያስረዳው ተከልክሏል፤ የጋራ ታሕት ማግኘትን ከማን ይማር?